ተዋናይቷ ከመድረክ ስትወርድ ሥራዋ የት ይቀራል?

ልጆች ከአርባ ዓመት በላይ ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩለው ተረታቸውን ያዳመጧቸው አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም ተስፋዬ ሳህሉ፣ በወጣትነታቸው የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ነበር። ቀሚስ ለብሰው፣ ፊታቸውን ተቀባብተው፣ ድምፃቸውን አለስልሰው ነበር መድረክ ላይ የሚወጡት። ሰው ለማሳቅ አልነበረም። ደራሲው ሚስት፣ እናት ወይም ሙሽራ ያለችበት ተውኔት ጽፎ ሲያመጣ፣ ያንን ቦታ ሸፍና የምትጫወት ሴት ስላልተገኘች ነው። የኢትዮጵያ ተዋናይት ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ባዶ ቦታ ነው።

ባዶነቱ ለአጭር ጊዜ አልነበረም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን በ1910ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ካሳዩ በኋላ፣ ቴአትር በዮፍታሔ ንጉሤና በመላኩ በጎሰው እጅ በትምህርት ቤቶች አድጓል። ተጫዋቾቹ ወንዶች ተማሪዎች ነበሩ። በ1927 ዓ.ም. መኮንን ሀብተ ወልድ ያቋቋሙት የሀገር ፍቅር ማኅበርም ወቅቱ የጣሊያን ወረራ ዋዜማ ነበርና፣ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለማነቃቃት የተነሳ እንጂ ሴቶችን ለትወና ለማብቃት የታሰበ አልነበረም። ከነጻነት በኋላም፣ ሀገር ፍቅርና የማዘጋጃ ቤቱ ቴአትር ሥራቸውን በሰፊው ሲጀምሩ፣ የሴቶቹን ቦታ ወንዶች ይሸፍኑት ነበር።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሕዝብ ፊት ቆሞ መዝፈንና ማስመሰል ለረጅም ዘመን የአዝማሪ ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ አዝማሪ ደግሞ ይወደዳል እንጂ አይከበርም። ሴት ስትሆን ነገሩ ይብስባታል። ማታ ማታ ከወንዶች ጋር በልምምድ የምታመሽ፣ ሌላ ወንድ በመድረክ ላይ እጇን የሚይዛት፣ ሰው ሁሉ በገንዘቡ ከፍሎ የሚያያት ሴት ከቡና ቤት ሴት ተለይታ አትታይም ነበር። ቤተሰብ ልጁን መድረክ ላይ ከሚያያት ቢቀብራት የሚመርጥበት ጊዜ ነበር ማለት ብዙም ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ተዋናዮች የመጡት የሚያጡት «ስም» ብዙም ካልነበራቸው ወይም ስማቸውን ለማጣት ከደፈሩ ሴቶች ዘንድ ነው። ይህ የታሪካችን አንድ ደማቅ እውነት ነው፤ ትወናን ለሴት ሙያ ያደረጉት በሰፈር የሚታሙ ሴቶች ናቸው።

ከእነዚህ መካከል አስናቀች ወርቁን የሚያክል ስም የለም። በ1940ዎቹ አጋማሽ መድረክ ላይ የወጣችው አስናቀች በሙያ ደረጃ ከተጫወቱት የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሴቶች አንዷ ናት። ሙዚቃን ከትምህርት ቤት አልተማረችም፤ ክራሯን ይዛ፣ ድምፅዋን አምና ነው ሰው ፊት የወጣችው። ያን ጊዜ ቴአትር ማለት ትወና ብቻ አልነበረም። ተዋናይቷ ትዘፍናለች፣ ትጨፍራለች፣ በተውኔቱ መሐል ግጥም ትደረድራለች፣ ካስፈለገም የራሷን ልብስ ከቤቷ ይዛ ትመጣለች። አስናቀች ለዚህ ሁሉ የተፈጠረች ነበረች። ክራሯን እየከረከረች ግጥም በቦታው ታወጣለች፤ አድማጩ መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ በኋላ ወርቁ ሲገባው ዝም ይላል። የሰምና ወርቅ ጨዋታ ከቅኔ ቤት ወጥቶ በሴት አፍ፣ በአደባባይ፣ በክራር ሲነገር ምን ኃይል እንዳለው ያሳየችን እሷ ናት።

በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የጫኑበት 25ኛ ዓመት ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተመረቀ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ነው። መክፈቻው የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ያ አዳራሽ ለተዋናይቷ ትልቅ ለውጥ አመጣ። መጋረጃው ከባድ፣ መብራቱን የሚቆጣጠሩ ባለሙያዎች ያሉት ቤት ውስጥ የምትጫወት ሴት በክፉ ዐይን ብትታይም እንኳ የመንግሥት ሠራተኛ ነበረች፤ ደመወዝ ትቀበላለች፣ ሰዓት ትፈርማለች፣ አለቃ አላት። አስናቀችም በዚያ ቤት ብዙ ዓመት ሠርታለች። ከዚያ በኋላ የጸጋዬ ገብረ መድኅን ዘመን መጣ፤ «ኦቴሎ»፣ «ሐምሌት»፣ «የከርሞ ሰው» ሴቶቹን ከማጀብ አውጥተው ረጅም ንግግር የሚናገሩ፣ የሚከራከሩ፣ የሚሞቱ ገጸ ባሕርያት አደረጓቸው።

አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ.ም. አረፈች። ዛሬ እሷን ማግኘት የሚፈልግ ሰው ምን ያገኛል? ዘፈኗን ያገኛል። በፈረንሳይ ቡዳ ሙዚክ የሚያሳትመው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ 16ኛ አልበሙን ለእሷ ሰጥቶታል፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ርዕሱም «ባለ ክራሯ እመቤት» የሚል ነው። ሕይወቷን ደግሞ ራሔል ሳሙኤል «አስኒ» በሚል ዘጋቢ ፊልም በ2013 እ.ኤ.አ. አቅርባዋለች፤ አስናቀች በሕይወት ሳለች አነጋግራት፣ ያለፈ ጊዜዋን ራሷ እንድትተርከው አድርጋ። ፊልሙ ውበቷን፣ ድፍረቷን፣ ፍቅሯን፣ ሐሜቱንም ሁሉ ሳይሸሽግ ያሳያል። ግን ትወናዋስ? ሐዘንተኛ ሚስት ሆና ስትራመድ እግሯን እንዴት ትጎትት ነበር? ጠላቷን ስታናግር ዐይኗ ወዴት ይሄድ ነበር? ይህ የተቀመጠው በተመልካቾቿ ትዝታ ብቻ ነው፤ ያ ተመልካችም አርጅቷል።

ነገሩ ከአንዲት ሴት ታሪክ ይልቅ የሙያው ጠባይ ነው። ዘፋኝ ሸክላዋን ትታ ትሄዳለች፤ ደራሲ መጽሐፉን። የመድረክ ተዋናይት ግን ሥራዋ መጋረጃ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። ለዚህም ነው በኢትዮጵያ ስለ ተዋናይት ስናወራ ቶሎ ወደ ዘፈኗ፣ ወደ ትዳሯ፣ ወደ አለባበሷ የምንሄደው። ስለ ትወናዋ የምንጠቅሰው ሰነድ የለንም።

ሙያው በትምህርት እንዲደገፍ የተደረገው በደርግ ዘመን ነው። በ1970ዎቹ መግቢያ ገደማ፣ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትጋት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ተከፈተ። ሴት ልጅ ትወናን በመዝገብ ተመዝግባ፣ ፈተና ተፈትና፣ ዲግሪ ይዛ መሥራት ስትጀምር የቤተሰብ ክርክሩም መልኩን ቀየረ፤ «ምን ብለን እንንገር» የሚለው ጥያቄ «ሥራ ታገኛለች ወይ» ወደሚል ተለወጠ። በዚያው ዘመን ግን መድረኩ የመንግሥት አዋጅ አፍ እንዲሆን ይፈለግ ስለነበር ተዋናይቷ የምትናገረውን ሁሉ ራሷ አትመርጥም ነበር። የሳንሱር ቢሮው እርሳስ ተውኔቱን ሲሰርዝ ከሴቷ አፍ ላይ ነበር የሚነሳው።

ዓለምፀሐይ ወዳጆ የዚህ ዘመን ልጅ ናት። ተዋናይት፣ ገጣሚ፣ የዘፈን ግጥም ደራሲ፤ የብዙ ድምፃውያን ዜማ የእሷን ቃላት ተሸክሟል። በሕፃናትና ወጣቶች ቴአትር ኃላፊነት ላይ ሠርታለች። ከደርግ መውደቅ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄዳ በ2000 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ዲሲ የጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከልን መሠረተች። በየወሩ የግጥም ምሽት የሚዘጋጅበት፣ ስደተኛ ተዋናዮች የሚገናኙበት፣ ልጆች አማርኛ የሚሰሙበት ቤት ነው። ብዙ ሰው ስለ ዓለምፀሐይ ሲናገር መሰደዷን ያነሳል። ለዚህ ጽሑፍ ግን የሚልቀው ሌላ ነው፤ መድረኩ ሲጠፋባት መድረክ ሠራች። አስናቀች የሌላ ሰው መድረክ ላይ ቦታ ለማግኘት ታገለች፤ ዓለምፀሐይ የራሷን ቤት ከፍታ ሌሎችን አስገባች።

ፊልም ሲመጣ ጥያቄው ሌላ መልክ ያዘ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ወጣ፤ አዘጋጁ ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ ነበር። ርዕሱ ራሱ የሴት ልጅ ስም ነው፤ ነገሩ የሚያጠነጥነውም በሴት ሕይወት ዙሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ በ1980ዎቹ የሰለሞን በቀለ ወያ «አስቴር»ም እንዲሁ በሴት ስም ተጠርቷል። የፊልሞቻችን ታሪክ ገና ከመጀመሪያው የሴቷን ጭንቀት መሸጫ አድርጎታል፤ ይህ መልካምም ክፉም ነው። መልካምነቱ ለተዋናይቷ ዋና ገጸ ባሕርይ መስጠቱ ነው። ክፋቱ ደግሞ ሴቷ ካልተበደለች፣ ካልተደፈረች፣ ካላለቀሰች ታሪክ የሌላት መሆኗ ነው።

ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሶስት ሺህ ዓመት»ን በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ አብዮቱ ሲፈነዳ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲቀርጽ ከፊት ያቆማቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሙያተኛ ተዋንያን አልነበሩም። ሐረገወይን ታፈረና ወርቄ ካሳ በዚያ ፊልም ውስጥ ሲሠሩ የምናየው ንግግር ከመናገር ይልቅ ዝም ብለው መሥራትን ነው። ጥቁርና ነጩ ፊልም በ2006 እ.ኤ.አ. ታድሶ ዳግም ታይቷል። ፊልሙ የተረፈው አንድ የውጭ ተቋም ገንዘብ አውጥቶ ስላዳነው ነው። እነዚያን ሴቶች ከሃምሳ ዓመት በኋላ ልናያቸው መቻላችን ለዚህ ጽሑፍ ትልቅ ማስረጃ ነው።

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (2008 እ.ኤ.አ.) ደግሞ በቬኒስ የልዩ ዳኞችና የምርጥ ድርሰት ሽልማት ወስዷል፤ በ2009 እ.ኤ.አ. በፌስፓኮ ዋናውን ሽልማት አሸንፏል። የአንበርብርን እናት የተጫወተችው ታከለች በየነ ናት። ስትናገር ድምፅዋ ከፍ አይልም፤ ልጇ ሲመለስ፣ ልጇ ሲሰቃይ፣ ልጇ ዝም ሲል እያየች ቤቱን የምትይዝ ሴት ናት። ሽልማቱ የተወራው በዳይሬክተሩ ስም ነው፤ ተገቢ ነው። ታከለች ያደረገችውን ግን ቁጭ ብሎ የጻፈ ብዙ ሰው የለም።

ሁለት ትዕይንቶችን ቀርበን እንያቸው። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 እ.ኤ.አ. በካን ፌስቲቫል «የተለየ እይታ» በተባለው ክፍል ታየ፤ በኦፊሴላዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ቅድስት ስዩም የምትጫወታት ፅዮን የቤት ሥራ ከመሥራት ይልቅ ጋዜጣ ማንበብ የምትመርጥ ልጅ ናት። ቤተሰቡ ሁሉ አርሶ አደር ሆኖ ሳለ መሬቱን በሳይንስ ማረስ እንደሚቻል ትከራከራለች። ቅድስት ይህችን ልጅ የተጫወተቻት በንዴት አይደለም። ጋዜጣውን የያዘችበት እጅ፣ ሲያዟት ቀና ብላ ሳታይ «እሺ» የምትልበት አኳኋን፣ ልቧ ከቤቱ ወጥቶ እንደሄደ ይናገራል። በኋላ ከቤት ስትወጣ ተመልካች አይደነግጥም፤ ቀድሞ አይቷታልና። የገጸ ባሕርይ ጉዞ በንግግር ሳይሆን በሰውነት ሲሠራ እንዲህ ነው።

ሁለተኛው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ነው፤ በ2014 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስ እና በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘ ፊልም። ሜሮን ጌትነት የሕግ ባለሙያዋን መዓዛ አሸናፊን፣ ትዝታ ሀገሬ ደግሞ ጠላፊዋን የገደለችውን ልጅ ተጫውተዋል። ሜሮን በእስር ቤቱ ውስጥ ከልጅቷ ጋር ስትነጋገር አትቸኩልም፤ ልጅቷ መልስ እስክትሰጥ ትጠብቃለች። ትዝታም መልሱን አትሰጥም፤ አንገቷን ደፍታ፣ ጣቶቿን እያጣመረች ትቀመጣለች። ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ቃል የሞላባት፣ አንዷ ቃል ያጣች፤ ፊልሙ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። በዚያው ዓመት በብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ ሲል የፍርድ ቤት እግድ መጥቶበት ታዳሚው ተበተነ። ፊልሙ የተመሠረተው በእውነተኛ ታሪክ ላይ ነው፤ ባለታሪኳ የራሷ ሕይወት ያለ ፈቃዷ እንደተሸጠ ይሰማት ነበርና ያ ክርክር ባዶ ጩኸት አልነበረም። ለሁለቱ ተዋናዮች ግን የድካማቸው ፍሬ በገዛ ሀገራቸው መድረክ ላይ ሳይታይ የቀረበት ምሽት ነው።

ከካሜራው ጀርባ የተቀየረው ደግሞ ብዙ ነው። አዜብ ወርቁ ተዋናይት ሆና ጀምራ፣ «ስምንቱ ሴቶች»ን ከፈረንሳይኛ ተርጉማ ለመድረክ አብቅታለች፤ ስምንት ሴቶች ብቻ የሚጫወቱበት ተውኔት ማለት ለስምንት ተዋናዮች ሥራ ማለት ነው። ቅድስት ይልማ «ረቡኒ»ን፣ ከዚያም «እረኛዬ» የተባለውን ተከታታይ ድራማ አዘጋጅታለች። ሴቶች ራሳቸው ሲጽፉና ሲያዘጋጁ የሚፈጠሩት ሴቶች ሁልጊዜ የሚያለቅሱ አይደሉም። ለዚህ ጸሐፊ ከሽልማቶቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

አሁን ወደ ዱከም እንሂድ። ከአዲስ አበባ ወደ 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ብትርቅም ቴአትር ለማየት ከዚያ መነሳት ረጅም ጉዞ ነው። ብሔራዊ፣ ሀገር ፍቅር፣ ራስ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ሕፃናትና ወጣቶች፤ ሁሉም የተተከሉት በመዲናዋ መሐል ነው። ቴአትሩ የሚያልቅበት ሰዓት ሲታሰብ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ ለመጣች ሴት የመመለሻው ታክሲ ወረፋ ራሱ ያስቀራታል። በዱከም ባለው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ፋብሪካዎች ውስጥ የሚሠሩ ብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች ከፈረቃ ወጥተው በተከራዩት ክፍል ሲቀመጡ የሚያዩት ቴሌቪዥን ነው፤ ወይም ስልካቸው ላይ ያለውን። ለእነሱ ተዋናይት ማለት ከመጋረጃ ጀርባ የምትወጣ ሴት አይደለችም። በ2008 ዓ.ም. «ቃና» የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር የጥበብ ሰዎች ማኅበራት አጥብቀው የተቃወሙት ይህን ተመልካች ላለማጣት ነው። ስጋታቸው እውነት ነበር። ነገር ግን ዱከም ያለችው ልጅ የሚያስፈልጋትን በአቅራቢያዋ ያቀረበላት ሌላ ሰው አልነበረም፤ ይህም እውነት ነው።

የቴሌቪዥን ዝና የራሱ ዋጋ አለው። ሰብለ ተፈራ በሬዲዮ «እማማ ጨቤ»፣ በቴሌቪዥን «ቤቶች» ላይ «ትርፌ» ሆና የሚሊዮኖች ቤት ገብታ ነበር። ሰው ሁሉ የሚጠራት በገጸ ባሕርይዋ ስም ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. አዲስ ዓመት ሰሞን በመኪና አደጋ ስታርፍ ሐዘኑም በዚያው ስም ነበር። ይህ በእኛ ብቻ የሆነ አይደለም። ሩሲያዊቷ ፋይና ራኔቭስካያ ሕይወቷን በመድረክ ላይ ያሳለፈች ትልቅ ተዋናይት ነበረች፤ ከ1939 እ.ኤ.አ. ፊልም የተገኘ አንድ አጭር ንግግር ግን ከቤት በወጣች ቁጥር በልጆች ሲጮህባት ኖሯል፤ እሷም በዚያ ንግግር መታወቅን አጥብቃ ጠልታዋለች። በእኛና በእነሱ መካከል ያለው ልዩነት ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው።

ሌላዋን ሩሲያዊት፣ ማሪያ የርሞሎቫን፣ እንውሰድ። በ1853 እ.ኤ.አ. ተወልዳ ከ1870 ጀምሮ ሃምሳ ዓመት በሞስኮ ማሊ ቴአትር ተጫወተች። በ1920 የሪፐብሊኩ የሕዝብ አርቲስት የተባለውን ማዕረግ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀበለችው እሷ ናት። ጨዋታዋን ያቆየ ፊልም የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም ቫለንቲን ሴሮቭ በ1905 የሳላት ምስሏ በትሬቲያኮቭ ሙዚየም ተሰቅሏል፤ ቤቷ ሙዚየም ሆኗል፤ አሌክሴይ ባህሩሺን የተባለ ነጋዴ በ1894 የጀመረው የቴአትር ሙዚየም ደግሞ የተዋንያንን ልብስ፣ ደብዳቤ፣ ፎቶና ማስታወቂያ ከየቤቱ እየለቀመ አከማችቷል። የርሞሎቫን ያላየ ትውልድ እሷን ማጥናት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለኢትዮጵያ ተዋናይት ይህን ለማድረግ ትልቅ ሕንፃ መጠበቅ አያስፈልግም። የአንድ ተውኔት የመጨረሻ ትዕይንት በአንድ ካሜራ ከፊት ለፊት ተቀርጾ፣ ድርሰቱ ከዳይሬክተሩ ማስታወሻ ጋር በብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) ቢቀመጥ፣ በቴአትር ቤቶቹ መዝገብ ውስጥ ያሉት ማስታወቂያዎችና ፎቶዎች የተዋናይቷ ስም፣ የተጫወተችው ሰው ስምና ዓመቱ ከጀርባቸው ቢጻፍ፣ የነገው ተማሪ መነሻ ያገኛል። በጡረታ ያሉ ተዋናዮች ዛሬም በየሰፈራቸው አሉ፤ የትኛውን ልብስ የት እንዳስቀመጡ፣ የትኛውን ተውኔት ስንት ጊዜ እንደተጫወቱ፣ ማን መድረክ ላይ ቃሉ ጠፍቶበት ማን እንዳዳነው ያስታውሳሉ። ራሔል ሳሙኤል ለአስናቀች ያደረገችውን ለሁሉም በየተራ ማድረግ ካልተቻለ እንኳ፣ የድምፅ መቅጃ ይዞ ሁለት ሰዓት አጠገባቸው መቀመጥ የሚችል የዩኒቨርሲቲው ተማሪ አይጠፋም።